የመንገድ አደጋ መርማሪዎች ማኅበር ስለ ምን ያስፈልጋል?

በአትባራ ወንዝ አጠገብ ያለችው ሾዋክ ገዳሪፍን ከከሰላ በሚያገናኘው አውራ ጐዳና ላይ ትገኛለች። በዚህ አገር ዐረብኛም፥ ትግርኛም፥ አማርኛም ይነገራል፤ አደጋ በደረሰ ጊዜ ግን የምስክሮች ቃል ይለያያል፤ የፍሬኑም ምልክት በአቧራና በዝናም ፈጥኖ ይጠፋል። ሟችም ስለ ራሱ ሊመሰክር አይችልም።

በአውሮፓ አቈጣጠር ኢትዮጵያ በ1964፥ ሱዳን በ1973 ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ተዛውረዋል፤ በመካከሉ ድንበር ተሻጋሪው ሾፌር መሥመር መለወጥ ግዴታው ነበር። ዛሬ የሁለቱ አገሮች መሥመር አንድ እንደ ሆነ ሁሉ የምርመራውም መለኪያ አንድ ሊሆን ይገባዋል።

መርማሪዎችን በፈተና የሚቀበል፥ የአለካኩን ሥርዐት የሚወስን፥ አድልዎ የሠራውንም የሚያስወጣ የሙያ ማኅበር ቢቋቋም ዳኛው ከወሬ ይልቅ በተለካ ማስረጃ ይፈርዳል፤ መልስ መስጠት የማይችለውም ሟች ያለ አግባብ ጥፋተኛ አይባልም።