ቃል ቅል ሲሆን

ሰሞኑን አንድ የቆየ ወዳጄ ቤቴ ጎራ ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን አዲስ ኪቦርድ ተመለከተና ዋጋውን ጠየቀኝ። ነገርሁት። «በዚህ ገንዘብ እኮ አሥር ኪቦርድ ይገዛል፤ አንተም ቅንጦት ጀመርህ?» አለኝ። እንግዳ ነውና ቡናውን አጠጥቼ ሸኘሁት። አስተያየቱ የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍሁ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ የግዥ ኃላፊ፣ የጋዜጣው ባለቤት፣ የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሁሉም እንዲሁ ያስባሉ። ለአለቃ የሚገዛ ወንበር በምቾቱ ይመረጣል፤ ለሚጽፍ ሰው የሚገዛ መሣሪያ ግን በርካሽነቱ ብቻ።

እስቲ አማርኛ ስንጽፍ ጣታችን የሚሠራውን እንቁጠር። አብዛኞቻችን የምንጽፈው በላቲን ቁልፎች ድምፁን እየተከተልን ነው። ተነባቢውን ስንነካ ሳድሱ ይወጣል፤ አናባቢውን ስናስከትል ሳድሱ ወደ ግእዝ፣ ወደ ካዕብ ወይም ወደ ራብዕ ይለወጣል። «ጠቀመ» ሦስት ፊደል ነው፤ ስድስት ቁልፍ ይፈልጋል፤ «ጠ»ን ከ«ተ» ለመለየት ሺፍት ሲጨመር ሰባት። ከዚህ የባሰው ደግሞ ስሕተቱ መደበቁ ነው። አንዲት አናባቢ ሳትመዘገብ ስትቀር ብዙ ጊዜ የሚወጣው የተበላሸ ቃል ሳይሆን ሌላ ደኅና ቃል ነው። «ጥላ» «ጥል» ይሆናል። «ቃል» «ቅል» ይሆናል። ዓይንም አይቶ ያልፈዋል።

ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት «በገባነው ቅል መሠረት» የሚል ደብዳቤ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት ወጣ። የፈረመው ሰው አንዳች አልተባለም። ጸሐፊዋ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ ወይዘሮ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተወሰነባቸው። ራብዕን የምታወጣው የላቲኗ «ኤ» ቁልፍ ካልተደቆሰች በቀር አትሠራም ነበር፤ ኪቦርዱ እንዲለወጥላቸው ሁለት ጊዜ ጠይቀው «በጀት የለም» ተብለዋል። ማስጠንቀቂያውንም ራሳቸው እንዲተይቡት ታዘዙ፤ በዚያው ኪቦርድ። ያችን ቁልፍ ደጋግመው ሲደቁሱ ዛሬም ይታየኛል።

ያ ኪቦርድ እንደ አብዛኛው ርካሽ ኪቦርድ ነበር። ከቁልፎቹ ሥር ላስቲክ አለ፤ ጣት ላስቲኩን እስከ ታች ጨፍልቆ ከሥሩ ያሉትን ስስ የፕላስቲክ ንጣፎች ካላገናኘ ፊደል አይወጣም። ላስቲኩ ሲያረጅ ይለግማል፤ መለገሙን ግን ለጣት አይናገርም። መካኒካል በሚባለው ኪቦርድ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሞላና የራሱ ስዊች አለው። ከእነዚህም እኔ የምሟገትለት ጣት የሚያውቃት ትንሽ ጉብታ ያለችበትን ዓይነት ነው። የጀርመኑ ቼሪ የሚሠራው ቡናማ ስዊች ቢወሰድ፣ ቁልፉ በጠቅላላው 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ፊደሉ ግን 2 ሚሊ ሜትር ላይ ይመዘገባል፤ ጉብታዋም እዚያው አካባቢ ናት። ጣት እርሷን ሲሻገር አናባቢዋ መያዟን ዓይን ሳይጠይቅ ያውቃል። ለአንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ለሚመታ ሕዝብ ይህ ቅንጦት ከሆነ መነጽርም ቅንጦት ነው።

ቀዩ ስዊች ጉብታ የለውም፤ ለጌም ተጫዋቾች ይሁን። ሰማያዊው ጉብታም ቀጭ የሚል ድምፅም አለው፤ ነገር ግን አምስት ሰው በሚቀመጥበት ክፍል እርሱን ይዞ መግባት ጎረቤትን መበደል ነው። የቡናማው ጉብታ ደካማ ነው የሚሉ አሉ፤ አልተሳሳቱም፤ ለእነርሱ ጠንከር ያለ ጉብታ ያላቸው ሌሎች ሞልተዋል። በየቀለሙ የሚንቦገቦገው መብራት የሕፃን ማባበያ ነው። ለእጅ ሕመም መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥላችሁንም አትመኑት።

ስለ አሥሩ ኪቦርድ ደግሞ እንነጋገር። አምራቹ ለአንዱ ቡናማ ስዊች ቢያንስ 50 ሚሊዮን ምት ዕድሜ ይሰጠዋል። አንዱ ቢበላሽ እንኳ ሬዲዮ የሚጠግን ባለሙያ ያንኑ ነቅሎ ሌላ ይበይድበታል፤ የላስቲኩ ግን በአንድ ቁልፍ የተነሣ በሙሉው ይጣላል። ዋጋውም ቢሆን የቼሪ የፈጠራ መብት ዘመኑ ካለፈ ወዲህ የቻይና ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን እየሠሩ በብዙ ቀንሷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት የእኛ ግዥ ክፍል ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ በፊደላችን መላከኩ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ በደከሙበት የጽሕፈት መኪና ዘመን ቁልፉ ከፊደሉ ብዛት ጋር አልመጣጠን ስላለ ፊደሉ በግንድና በቅጥያ ተቆራርጦ ተገጣጠመ። ፊደል ይቀነስ የሚለው ክርክር ለመኪናው ሲባል ተራገበ። በኋላስ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ የአማርኛ ፊደል ቅርጽና መጻፊያ ይዞ ለገበያ ቀረበ። የተለወጠው ማሽኑ ነው። ዛሬም «አማርኛ ለኮምፒዩተር አይመችም» የሚሉ ሊቃውንት አላጣንም። ፊደሉ በግማሽ ቢቀነስ እንኳ የወይዘሮዋ «ኤ» ቁልፍ ላስቲኳ አይታደስም።

በጀት የለም ለሚሉት ኃላፊ አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ከጸሐፊዎ ክፍል ያንን ያረጀ ኪቦርድ አስመጥተው፣ ስለ ቁጠባ የሚናገሩትን አንድ ገጽ ራሳቸው ይተይቡበት፤ ሳያርሙም ይፈርሙበት።

ቸር ይግጠመን።