ደም ከመፈለግ በፊት ደም ማትረፍ

የካንሰር ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጨነቀው ደም ይገኝ ይሆን ብሎ ነው። ከለጋሾች ብዙዎቹ ተማሪዎች በመሆናቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ የደም ባንኩ ክምችት ይመናመናል።

እኛ ግን ሌላም ጥያቄ አለን። በሽተኛው ራሱ ምን ያህል ደም ይዞ ነው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባው? በአንጀት ወይም በማኅፀን በር ካንሰር ለወራት ሲደማ የቆየ ሰው ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ይዞት ይመጣል። የደም ማነሱን የሚያሳየው ሄሞግሎቢኑ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ሳይሆን ካንሰሩ እንደታወቀ ይለካ። ብረት ካነሰው በእንክብል፣ ጊዜ ካጠረ ደግሞ በደም ሥር ይሰጠው። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቀደም ብሎ ማሰብን ነው።

ደም የሚያተርፍ መድኃኒትም አለ፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በ22 አገሮች 9,535 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት፣ መድኃኒቱ ከልብ ውጭ ባሉ ቀዶ ሕክምናዎች ከባድ መድማትን ከ11.7 ወደ 9.1 በመቶ ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል። የካንሰር ሕሙማን ደም በሥር ውስጥ የመርጋት ስጋት ስላለባቸው ግን ውሳኔው የሐኪሙ ነው። በቀዶ ሕክምናው ወቅት የበሽተኛውን ሰውነት ማሞቅም መዘንጋት የለበትም፤ ቅዝቃዜ መድማትን ያባብሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ደም የሚያስፈልገው ሰው አይጠፋም። ስለዚህ የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማና የመርካቶ ነጋዴዎች ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው በሐምሌና በነሐሴ፣ በአንዋር መስጊድና በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ቋሚ የደም መለገሻ ድንኳን እንዲተክሉ እንጠይቃለን።