የኢሉባቦር ደንና የሳተላይት ፍርድ

ከመቱ እስከ ያዩና ጎሬ የተዘረጋው የኢሉባቦር ደን ቡናውን በታላላቅ አዕዋም ጥላ ሥር ሰውሮ የሚያኖር በመሆኑ፣ ከጠፈር የሚመለከተው ሳተላይት የላይኛውን ሐመልማል እንጂ በሥሩ ያለውን የገበሬ ድካም አያይም። ምስሉን የሚተነትነው ኮምፒዩተር ከእያንዳንዱ ነጥብ የተመለሰውን ብርሃን፣ ይልቁንም ለዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ጨረር እየመዘነ ደን ወይም እርሻ ብሎ ይፈርዳል፤ ነገር ግን ላንድሳት የተባለው ሳተላይት የሚያነሣው ምስል አንድ ነጥብ በየጎኑ 30 ሜትር ስለሚያህል፣ ክረምቱንም ደመና ምድሩን ስለሚጋርደው፣ ገበሬው ለቡናው ብርሃን ሲል ጥላውን ቢያሳሳ ደኑ እንደ ተመነጠረ ተቆጥሮ ሊኰነን ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ፍጻሜ ወዲህ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ስላወጣ፣ ይህንንም ለማጣራት የሳተላይት ምስል ስለሚያገለግል፣ የመሣሪያው ስሕተት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ጉዳይ ሆኗል። ያለ ምስክር የሚሰጥ እንዲህ ያለ ፍርድ ፍትሕ አይደለም።

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ምድር አምጥቃለች፤ ምስሉን የመተርጐሙም ጥበብ የራሳችን ሊሆን ይገባል። ስለዚህ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ከመዘገበው ከያዩ ደን ጀምረው፣ ከገበሬው ጋር በእግር እየዞሩ የትኛው ጥላ ቡና እንደሚያለብስ እየመዘገቡ ኮምፒዩተሩን ያስተምሩት ዘንድ አጥብቀን እንማጸናለን።