ባለዕዳም ኪስ አለው

ዕዳ የገባ ነጋዴ ቤት ውስጥ የሚወሰነው የመጀመሪያው ውሳኔ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ዕዳው እስኪያልቅ ለራሳችን አንዲት ሳንቲም አናወጣም» ይባላል። ሻይ ይቀራል፣ ጫት ይቀራል፣ የሚስት የፀጉርና የልብስ ወጪ ይቀራል፣ ልጆች ከረሜላ ይከለከላሉ። ሲሰሙት ወኔ ያለው ውሳኔ ነው። እኔ ግን ከሞያሌ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ከመተማ እስከ አዳማ ማድለቢያዎች የነጋዴ ደብተር ስመለከት በቆየሁባቸው ዓመታት ይህ ውሳኔ ከሁለት ወር በላይ ሲዘልቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ የምሟገተው ለተቃራኒው ነው። ከዕዳ ለመውጣት የሚሞክር ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አዋቂ፣ ለባልም ለሚስትም፣ መጠኑ የታወቀ እና ማንም «ምን አደረግህበት? ምን አደረግሽበት?» የማይልበት የኪስ ገንዘብ መመደብ አለበት። ትንሽ ይሁን፤ ዜሮ ግን አይሁን።

ደሞዝተኛ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ወር ጠብቆ ከሚመጣ ገንዘብ ላይ መቀነስ ነው። የከብት ነጋዴ ግን በእጁ ያለው ብር የማን እንደሆነ ራሱ ግልጽ አይደለም። ገበያ ውሎ ሲመለስ በኪሱ ወይም በስልኩ በያዘው ገንዘብ ውስጥ ከብቱን በእምነት ሰጥቶ ሽያጩን የሚጠብቀው የአርብቶ አደሩ ድርሻ አለ፤ የደላላው አለ፤ የመኪናው ኪራይ አለ፤ የመኖው አለ፤ የሚቀጥለው ዙር መነሻ አለ፤ መጨረሻ ላይ፣ ከተረፈ፣ የቤቱ አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ኪስ ተደባልቆ ይገባል። ለራሱ ምንም ያልመደበ ሰው ሲደክመው ወይም እንግዳ ሲመጣበት ከየትኛው ያወጣል? እጁ ከሚደርስበት። እጁ የሚደርስበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው።

ነገሩን የቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ አድርጌ የማላየው ለዚህ ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ከዚያ በኋላ መንጋውን እንደገና ለማቆም የሚታገል አርብቶ አደር የተረፈውን ወይፈን ለነጋዴ በቃል ብቻ ሲሰጥ የሚሰጠው የዓመት ቀለቡን ነው። ሦስት ቀን ብሎ የሄደው ነጋዴ በሦስተኛው ሳምንት «ገበያው ተበላሽቶ ነው» ሲለው፣ ገበያው ላይበላሽ ይችላል፤ ገንዘቡ በሻይ፣ በጫት፣ በዘመድ ሠርግና በስልክ ካርድ ቀስ በቀስ አልቆ ይሆናል። የባንክ ብድር ቢዘገይ ወለድና ቅጣት አለው። የአርብቶ አደሩ ሲዘገይ ቅጣቱ የሚመጣው በሚቀጥለው ገበያ ነው፤ ከብት የሚሰጥህ ታጣለህ፣ ወይም በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አይሰጥህም።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። «ዕዳ እያለብኝ ለሻይ ስመድብ የመክፈያውን ጊዜ ማራዘሜ አይደለም ወይ?» ነው። ማራዘሙ እውነት ነው፤ በስንት እንደሚያራዝም ግን እናስላ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ 480,000 ብር ዕዳ ያለበት ቤተሰብ በወር 30,000 ብር መክፈል ይችላል እንበል። ለራሱ ምንም ሳያወጣ ከከፈለ በ16 ወር ይጨርሳል። አሁን ባልና ሚስት በሳምንት 600፣ 600 ብር የኪስ ገንዘብ ይያዙ። በወር ሲታሰብ 5,200 ብር ገደማ ነው። ለዕዳው 24,800 ይቀራል፤ 20ኛው ወር ላይ ያልቃል። የኪሱ ዋጋ የአራት ወር መዘግየት ነው ማለት ነው።

በሌላ በኩል ያንን ቤተሰብ በዜሮ እንጀምረው። ሦስተኛው ወር ላይ አባወራው መታገሡን ያቆማል። «ለዛሬ ብቻ» እያለ ከመነሻው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ያነሳና አንድ ቀን ሲቆጥር የአንድ ሰንጋ ዋጋ፣ 60,000 ብር ይበሉት፣ ጎድሏል። ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ሰንጋ አነሰ። አንዱ ሰንጋ 4,000 ብር የሚያተርፍ ከሆነና በወር ሁለት ዙር የሚወጣ ከሆነ ለዕዳው የሚቀረው በወር 22,000 ነው። ጉድጓዱ ገና በመጀመሪያው ወር ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ዕዳው የሚያልቀው 22ኛው ወር ላይ ነበር፤ ያም የጎደለው 60,000 ሳይሞላ ነው። በሦስተኛው ወር ሲከፈት ትንሽ ይሻላል፤ ሆኖም ከኪስ ገንዘቡ መንገድ አይቀድምም። ነጋዴ ወጪን ሲፈራ የሚፈራው የሚታየውን ነው፤ መነሻው ሲሸረሸር ግን ደረሰኝ የለውም።

በማቆያ ውስጥ ጭነት የሚጠባበቅ ከብት ያለው ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። መርከቡ ሲዘገይ መኖ የሚቀንስ አለ። ለጥቂት ቀን ብር ያተርፋል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ያተረፈውን ከነወለዱ ይመልሳል። ለከብቱ ነፍስ ማቆያ ቀለብ እንደሚያስፈልገው የማይከራከር ሰው ለራሱና ለሚስቱ ሲሆን ለምን እንደሚከራከር አይገባኝም።

አሁን ከባዱ ጥያቄ፦ የኪስ ወጪ የሚባለው የትኛው ነው? በእኛ ሥራ ጫትና ሻይ ሁልጊዜ መዝናኛ አይደሉም። ዋጋ የሚቆረጠው፣ የደላላ ቂም የሚፈታው፣ የሐርጌሳ ወይም የናይሮቢ ገበያ ወሬ የሚሰማው እዚያው ነው። ስለዚህ «ጫት ሁሉ ብክነት ነው» የሚለውን የሰባኪ ሂሳብ አልቀበልም። ግን አንድ መለያ አለኝ። ከብት ባይገዛበትም፣ ባይሸጥበትም ይህ ብር ይወጣ ነበር? ይወጣ ከነበረ የኪስ ነው። ለሻጩ የጋበዝከው ሻይ የዙሩ ወጪ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞችህ ጋር የተቀመጥክበት የራስህ ነው። መንገድ ላይ የምትበላውና የምታድርበት አልጋ የዙሩ ነው፤ ከምሳ በኋላ ያዘዝከው ሁለተኛው ለስላሳ የራስህ ነው። በዚህ መለያ ደብተራቸውን እንደገና ያስተካከሉ ነጋዴዎች አብዛኞቹ ተገርመዋል። አንዱ «እኔ ለራሴ ምንም አላወጣም» እያለኝ ሦስት ዙር ስንጽፍ ለራሱ ብቻ ያወጣው የሁለት በግ ዋጋ ሆነ። ሰውየው አልዋሸም፤ አልቆጠረውም እንጂ።

መጠኑን እንዴት እንወስን ለሚለውም መልሴ ከዚሁ ይነሳል። መሆን አለበት ከምትሉት አትነሡ። ባለፉት ሦስት ዙሮች በእርግጥ ካወጣችሁት ተነሡና ግማሽ አድርጉት። ከዚያ በታች የጀመረ ቤተሰብ ቶሎ ይደብቃል፤ መደበቅ የጀመረ ባለዕዳ ደግሞ ከዕዳው ይልቅ ድብቁ ይጎዳዋል። የትርፍ መቶኛ አድርጎ መመደብንም አልደግፍም። በመጥፎ ዙር ባዶ ያደርግና በጥሩ ዙር ያባልጋል። በከፋው ወራት መሸከም የምትችሉት አንድ ቁርጥ ያለ የሳምንት ብር ይሻላል። ጥሩ ሽያጭ በተገኘ ማግስትም አይጨመርበትም።

ስለ ሚስት ድርሻ ብዙ ነጋዴዎች የሚሉኝ «መንገድ የማድረው እኔ፣ ፀሐይ የሚመታኝ እኔ፤ እኩል ለምን?» ነው። የመንገዱ ወጪ ከዙሩ ሂሳብ እንደሚወጣ ከላይ ተስማምተናል። ያ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው የሰው ኪስ ብቻ ነው፤ የሷ ከሱ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። አንዲት የነጋዴ ሚስት ደብተር ልንሠራ ቁጭ ባልንበት «የሱ ሻይ ወጪ ይባላል፣ የኔ ሻይ ብክነት» ብላ ዘጋችን። ባልየው ሳቀ፤ ግን መልስ አልነበረውም።

የሕጉንም ነገር አንርሳ። እንደ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ባሉ የፌዴራል ከተሞች የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባን ዕዳ የባልና የሚስት የጋራ ዕዳ ያደርገዋል። በእስልምና ሕግ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ሚስት ያፈራችው የራሷ መሆኑ የታወቀ ነው። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ዕዳውን አብራ የምትሸከም ወይም ከራሷ የምታግዝ ሴት የዕዳውን ልክ ልታውቅ ይገባል። ዕዳው ስንት እንደሆነ ሳይነገራት «ቆጥቢ» የተባለች ሴት የምትቆጥበው ለምን እንደሆነ አታውቅም። ብዙ ቤት ውስጥ የኪስ ገንዘብ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ልክ ለመወሰን ሲባል ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል።

የዓመቱ አቆጣጠር ሌላው ወጥመድ ነው። የብዙዎቻችን ትልቁ ገንዘብ የሚመጣው ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። የሂጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር አረፋ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። በ2009 ዓ.ም. መስከረም 2 ነበር የዋለው፤ የበጉ ብር ሳይቀዘቅዝ ለትምህርት ቤት ምዝገባና ለደብተር ይደርስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን ግንቦት 29 ዋለ። ገንዘቡ ከመስከረም ሦስት ወር ቀድሞ ገባ ማለት ነው። ሦስት ወር ሙሉ እጅ ላይ ያለ ብር በልማድ «የኪስ» ይሆናል፤ መስከረም ሲጠባ ለልጆች ክፍያ አዲስ ብድር ይፈለጋል። ከዕዳ የሚወጣ ቤት የመስከረምን ወጪ በአረፋው ሳምንት ለይቶ፣ ወይ እቁብ አስገብቶ ወይ ሌላ እጅ ላይ አስቀምጦ፣ ከሐምሌና ነሐሴ ፈተና ማዳን አለበት። አረፋ ገና እየሸሸ ስለሚሄድ ክፍተቱ ከዓመት ዓመት ይሰፋል።

ኪስ ዜሮ የሚሆንበት ጊዜ የለም አልልም። በመስከረም 2000 (እ.ኤ.አ.) ሳውዲ አረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የአፍሪካ ቀንድን እንስሳት ስታግድ ለሶማሊያ ወደቦች እገዳው እስከ 2009 ቆይቷል። ሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል የሚሠራ ሰው አንድ ጠዋት ተነሥቶ ደንበኛው ያለበትን አላውቅም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዕዳው በዶላር ወይም በሽልንግ የሆነበት ነጋዴ ሳይበደር ዕዳው አደገ። እንዲህ ባለ ጊዜ ኪስን መዝጋት ይገባል። ግን ማብቂያ ቀን ተጽፎለት ይዘጋ፤ ሁለት ሳምንት ወይም አንድ ወር። የዘጠኝ ዓመት እገዳ በዘጠኝ ዓመት ጾም አይታለፍም። እገዳው ከረዘመ መለወጥ ያለበት ንግዱ ነው፤ ሌላ ገበያ ወይም ሌላ እንስሳ መፈለግ። የቤት ቀለብ ለጎደለበት ቤተሰብ ደግሞ ስለ ኪስ ማውራት ቅንጦት ነው፤ እሱን የሚመለከተው ሌላ ጽሑፍ ነው።

አሠራሩ ላይ አልረዝምም። ድሮ የንግዱ ብር በወገብ ይታሰር፣ የሻዩ በደረት ኪስ ይቀመጥ ነበር፤ ልዩነቱ በእጅ ይታወቅ ነበር። በዛድ፣ በኤም-ፔሳ እና በቴሌብር ሁሉም በአንድ ቁጥር ሥር ተጠቃለለ፤ የአርብቶ አደሩም የሻዩም ገንዘብ አንድ ላይ «ቀሪ ሂሳብ» ተብሎ ይታያል። ለኪስ የተለየ ሲም ካርድ ወይም ጥሬ ብር ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን፣ አርብ ወይም ቅዳሜ፣ ለሁለቱም በአንድ ሰዓት ይተላለፍ። ከዚያ ሲያልቅ አልቋል። ከሽያጭ ገንዘብ ግን አርብቶ አደሩ ሳይከፈል ለኪስ ምንም አይነሣም፤ ይህችን አንዲት ደንብ ብቻ ያለ ድርድር አስቀምጣለሁ።

አንድ ክርክር ግን እስካሁን በየቤቱ ይቀርብልኛል። ሚስት ከኪስ ገንዘቧ አጠራቅማ ሁለት ፍየል ገዛች፤ ፍየሎቹ የማን ናቸው? ባል «ዕዳ እያለብን እንዴት ይሆናል፣ ይጫኑ» ይላል። ፍርድ ቤት ቢቀርቡ የጋራ ሊባሉ ይችላሉ። ቤት ውስጥ ግን የእሷ ናቸው፤ እሱ በጫት የጨረሰውን ያህል ብር እሷ በፍየል ስላስቀመጠችው ልትቀጣ አይገባም። ሊጭናቸው ከፈለገ እንደማንኛውም ሻጭ በገበያ ዋጋ ይግዛት፤ በዱቤ ከወሰደም ስሟን ከአርብቶ አደሮቹ ዝርዝር ጋር ደብተሩ ላይ ይጻፍ።