ውሻውን ይዞ ወይስ ትቶ?

አሜሪካ የሚኖር ቤተሰብ ለክረምት ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ውሻውስ? ልጆቹ ይዘነው እንሂድ ይላሉ። አያት በስልክ ሲሰሙ «ውሻ ደግሞ በአውሮፕላን!» ብለው ይስቃሉ። ልጆቹ የቀበጡ፣ አያትም የጨከኑ አይመስለኝም።

ይዘን እንሂድ የሚሉት ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ከለመደው ሰው ሲለይ እህል የሚተው ውሻ አለ። ለውሻ ማቆያ የሚከፈለውም በቀን ስለሚታሰብ ቆይታው ሲረዝም ኪስ ይጎዳል። ደግሞም ጤነኛ የሆነና አስቀድሞ የተለማመደ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ በደህና ይደርሳል። ልምምዱ የሚጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው፤ የጉዞ ሳጥኑ በሩ ተከፍቶ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል፣ ምግቡም እዚያው ውስጥ ይሰጠዋል። በበረራው ቀን በሳጥኑ በር ላይ በሚታሰረው ዕቃ ያለው ውሃ ቀድሞ በረዶ ቢደረግ፣ ሲጫን አይደፋም፤ ቀስ በቀስ እየቀለጠ ይጠጣዋል። ያልታጠበ የባለቤቱ ቲሸርት ከሥሩ ቢነጠፍለት ሽታው ያረጋጋዋል።

በሌላ በኩል፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ትልቅ ውሻ ደግሞ ካቢን ስለማይገባ የሚጓዘው በጭነት ክፍል ነው። እንስሳት የሚጫኑበት ክፍል ሙቀቱና አየሩ የተጠበቀ ነው። የሚያሰጋው ይልቁንም መሬት ላይ፣ በፀሐይ ወይም በብርድ ተራ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይፋ ባደረገው መረጃ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ከበረራ ጋር በተያያዘ 122 ውሾች ሞተዋል፤ ግማሽ ያህሉ እንደ ቡልዶግና ፓግ ያሉ አፍንጫቸው የተጨፈለቀ ዝርያዎች ነበሩ። ከተጓዙት ብዛት አንጻር ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ቡልዶግ ላለው ሰው ግን ትንሽ አይደለም። «እንዲተኛ ኪኒን ብንሰጠውስ?» የሚለውንም ሐኪሞች በአብዛኛው አይደግፉትም፤ ማስተኛ መድኃኒት ትንፋሽንና የደም ግፊትን ሊያዛባ ይችላል።

መሄዱ ብቻ ሳይሆን መመለሱም አለ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ሁሉ ቢያንስ 6 ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት። ኢትዮጵያ በውሻ እብደት በሽታ ከፍተኛ ስጋት አለባቸው ተብለው በተመዘገቡት አገሮች ውስጥ ስላለች፣ ከዚያ የሚመለስ ውሻ ተጨማሪ የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ደንቡ ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ እውነትም ይከብዳል። ግን በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ስለሆነ፣ ጥንቃቄው አለቦታው ነው ለማለት እቸገራለሁ። ለድመት መንገዱ ቀለል ይላል፤ ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከድመት የዚህን ክትባት ማስረጃ አይጠይቅም። ድመት ግን ከሰው ይልቅ ቤቱን የምትወድ ስለሆነች፣ ፈቃዷ ቢጠየቅ መቅረቱን የምትመርጥ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ከተደረሰ በኋላ ያለው ኑሮም መታሰብ አለበት። አልጋ ላይ ሲተኛ የኖረ ውሻ፣ ውሻን የግቢ ጠባቂ አድርጎ ከሚያይ ዘመድ ቤት ሲገባ፣ በሰንሰለት በር ላይ ሊውል ይችላል። ዘመድ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቤቱ የራሱ ልማድ አለው፣ የሚፈራ እንግዳም ይመጣል። ማታ ማታ የሰፈር ውሾች ሲጮሁም ለእንግዳው ውሻ እንቅልፍ የለም።

በእኔ ግምት፣ ጉዳዩን ከፍቅር መጠን ይልቅ የቆይታው ርዝመትና የእንስሳው ጤና ቢወስኑት ይሻላል። ለሦስትና አራት ሳምንት ከሆነ፣ የሚያውቀው ሰው ቤት መተው ለብዙዎቹ ውሾች የሚቀል ይመስለኛል፤ የሚያውቀው ሰው ከሌለ ግን ሚዛኑ ሊለወጥ ይችላል። ጠቅልሎ ለሚገባ ቤተሰብ፣ ውሻው አርጅቶ ወይም ታምሞ ካልሆነ በቀር፣ ይዞ መሄዱ ድካሙን የሚክስ ይመስለኛል። በአሜሪካ ያስከተበና ይዞ ለመመለስ ያሰበ ደግሞ ለመመለሻ የሚጠየቀውን የክትባት ማስረጃ ቅጽ በተፈቀደለት የእንስሳት ሐኪም አስሞልቶ፣ በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት አስጸድቆ፣ ከአሜሪካ ከመውጣቱ በፊት ይጨርስ። ይህ ወረቀት አዲስ አበባ ከተደረሰ በኋላ አይሠራም፤ ያለ እሱ የደም ምርመራ፣ ሲብስም 28 ቀን ለብቻ ተለይቶ መቆየት ይመጣል፤ ወጪውም የባለቤቱ ነው።