የነገሌ ስምና የየካቲት 12 አደባባይ

በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ ለቆመው ሐውልት በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን አበባ ይቀመጣል፤ በ1929 ዓ.ም. በሦስት ቀን ውስጥ በጥይት፥ በአካፋና በእሳት ያለቀው ሕዝብም ይታሰባል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከነጻነት በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቍጥር 30,000 ነው። ነገር ግን የዚህ አደባባይ ታሪክ በገነተ ልዑል ግቢ ከተወረወረው ቦምብ ይጀምራል ማለት ስሕተት ነው። መነሻው በደቡብ ቈላ፥ በገናሌ ዶሪያ ወንዝ ዳር ነውና።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ በቀይ መስቀል ምልክት ሥር ቍስለኞችን ያክም የነበረው የስዊድን ሐኪም ቤት በኢጣልያ አይሮፕላኖች ተደበደበ፤ ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትረምና ብዙ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። በሚቀጥለው ወር የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር የመርዝ ጢስ በተጨመረበት ድብደባና ከዶሎ በመኪና በገሠገሠ ጦር ተበተነ። ጠላት ነገሌ የገባው ጥር 11 ቀን ነው። ሕዝበ ክርስቲያን ውሃ ተባርኮ በሚረጭበት በጥምቀት ዕለት መሆኑን ካህናት ልብ ሊሉት ይገባል።

የሮም መንግሥት ስለዚህ ድል ሮዶልፎ ግራዚያኒን «የነገሌ ማርኬዝ» ብሎ ሰየመው፤ ባዶሊዮንም «የአዲስ አበባ ዱክ» አለው። የሰውን አገር ከተማ እንደ ኒሻን በደረት መለጠፍ እንዴት ያለ ድፍረት ነው! አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት እንደራሴም ይኸው ሰው ነበር። ራስ ደስታ ከነገሌ አፈግፍገው ከአንድ ዓመት በላይ ከታገሉ በኋላ፥ የስድስት ኪሎ እልቂት በደረሰ በአምስተኛው ቀን፥ የካቲት 17፥ በቡታጅራ አውራጃ ተረሸኑ። በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ተፈጁ።

ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ ችሎት የተፈረደበት ከጀርመን ጋር ስለ መተባበሩ ብቻ ነው፤ ጥቂት ወራት ታስሮ ወጣ። የኢትዮጵያን ደም ማንም አልጠየቀውም። ይባስ ብሎ በ2004 ዓ.ም. በአፊሌ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ቆመለት።

የውጭውን ፍርድ መጠበቅ ካልቻለ፥ በአገር ውስጥ የሚሠራ ሥራ አለ። የካቲት 12 በስድስት ኪሎ ታሪኩ ሲነበብ ገናሌና መልካ ዲዳ በስማቸው እንዲጠሩ ማድረግ የሹማምንት ድርሻ ነው። በነገሌም ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ ለወደቁት ጸሎት ማድረስ፥ በቈላው ከሚኖሩት እስላሞችና የቦረና ሽማግሎች ጋር ተማክሮ ዕለቱን በአንድነት ማሰብ፥ ከፍ ያለ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው።