በልጅ ጥሪ ላይ ችሎት የዘረጋው ማነው?

በገበያ ቀን ኩታበር አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ የሰማሁት ፍርድ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አንድ አባት የ15 ዓመት ልጃቸው «የካቶሊክ ቄስ መሆን እፈልጋለሁ» እንዳላቸው ባልንጀሮቻቸውን ያማክራሉ። ምክሩ ወዲያው ወደ ፍርድ ተለወጠ። አንዱ «ዱቄት ሸቶት ነው» አለ። ሌላው «ሮም መሄጃ ፈልጎ ነው» አለ። በዕድሜ የገፉት ሦስተኛው ደግሞ «የአያቱን ሃይማኖት ሸጠ በሉኛ!» ብለው መዝገቡን ዘጉት። ልጁን ጠርቶ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ይህ ጸሐፊ ካቶሊክ አይደለም፤ ማንንም ወደዚያ ለመጥራት ብዕር አላነሣም። ክርክሬ ከፈራጆቹ ጋር ነው።

ለመሆኑ ወሎ ልጅ ለሃይማኖት ትምህርት ከቤቱ ሲወጣ አይቶ አያውቅምን? አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ ነው። ኪታቡን ይዞ ከሼሁ ደጅ የሚከርመው ደረሳም እንዲሁ። ለእነርሱ ቁራሽ እንሰጣለን፤ እንመርቃቸዋለን። «ሆዱን ብሎ ነው» አንልም። ታዲያ የዚህኛው ልጅ ሐሳብ በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው የሆድ ጉዳይ የሆነው?

«ሃይማኖት ሸጠ፣ አገር ሸጠ» ለሚሉት ከዚሁ ከወሎ ምድር አንድ ሰው ልጥራላቸው። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከካቶሊኮቹ ጋር ወግነው ተሰደዱ፤ ሮምም ደረሱ። እዚያም በ1649 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ አገኛቸው። በ1652 ደግሞ እስከ ጎታ ተጉዘው ስለ አገራቸውና ስለ ቋንቋቸው አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው የመጀመሪያው የታተመ ነው፤ ምንጩም እኚሁ የወሎ ቄስ ናቸው። አገሩን የሸጠ ሰው ቋንቋውን እንዲህ ለዓለም ያደርሳልን?

ይህን ስል ወዲያ ማዶ ያለውን አጨብጫቢ አልምረውም። «ተጠርተሃል» ብሎ ልጁን በችኮላ የሚያቅፍ ካህን ካለ እርሱም ያው ፈራጅ ነው። ከራሱ ሥርዓት ይማር። የምሥራቁን ሥርዓት የሚከተሉ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች የሚተዳደሩበት፣ በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ለቅስና 24 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። ከ15 እስከ 24 ዘጠኝ ዓመት አለ። ያ ዘመን ልጁ ሐሳቡን የሚፈትንበት ይሁን፤ ያለ ሚስትና ያለ ልጅ ዕድሜ መግፋት ምን እንደሆነም ሳይሸፋፈን ይነገረው። የጎጃሙ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ተወልደው፣ ሃይማኖትን ሲመረምሩ ኖረው፣ የካቶሊክ ቅስና የተቀበሉት በ1851 ነው። በ1855 በእስር ላይ ሳሉ አረፉ። እርሳቸው ለብዙ ዓመታት የመረመሩትን አንድ የኩታበር ጎረምሳ በአንድ ክረምት ይጨርሰው ማለት ምን የሚሉት ጥድፊያ ነው?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የመመለሻው በር ነው። ልጁ ሄዶ፣ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ «ጥሪዬ አይደለም» ብሎ ቢመለስ እነዚያው ሦስቱ ፈራጆች «አባረሩት» ሊሉ ይጠብቁታል። መመለስ ነውር በሆነበት መንደር ልጅ ጥርጣሬውን ውጦ፣ ልቡ ሳያምንበት ይቀስሳል፤ ወይም ገና ከመነሻው አፉን ዘግቶ ይቀራል። በሁለቱም መንገድ የምናጣው አንድ እውነተኛ ሰው ነው።

ከ2015 ወዲህ ደሴን በስሙ የያዘ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት አለ፤ ካህን ፊት ቀርቦ መጠየቅ ለአባትም ለልጅም ሩቅ አይደለም። እርስዎ ግን፣ የልጁ አባት፣ ያን ቀን ሻይዎን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። ቤት ገብተው ምን እንዳሉት አላውቅም። ገና ካልነገሩት ግን ይህን ይበሉት፦ «ጠይቅ፤ ሄደህም እይ። ባይሆንልህ መደብህ እንደተነጠፈ ነው።»